የቤት ሥራና የቤት ድርሻ፤ የሕፃናት ጥናት ከንባብ ቤት እስከ ዘመናዊው ትምህርት ቤት

አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ የቤት ሥራ ይዞ መምጣቱ ዛሬ ማንንም የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ወላጅም ልጁን ማስጠናት ከጥንት ጀምሮ የወላጅነት ግዴታ የነበረ ይመስለዋል። የአገራችንን የትምህርት ታሪክ መለስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ እንደዚህ ሆኖ አይገኝም። ሕፃን ቀን በተማረው ላይ ማታ በወላጆቹ ቤት፣ በወላጆቹ ኀላፊነት ሥር ሆኖ እንዲሠራ መጠየቁ ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም የማይዘል ልማድ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት፣ ልጁን ማስጠናት የመምህሩና የታላላቅ ተማሪዎች ሥራ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ ከመምህሩ ጎጆ ተነሥቶ እንዴት ወደ ወላጅ ቤት እንደ ተዛወረ፣ በሚዛወርበትም ጊዜ ምን አብሮት እንደ መጣና ምን ወደ ኋላ እንደ ቀረ ማመልከት ነው። ይህ መጽሔት የመሐንዲሶች መጽሔት እንደ መሆኑ መጠን ጉዳዩን በሙያችን ቋንቋ መግለጽ ይቻላል። አንድ ሸክም ከአንድ ምሰሶ ወደ ሌላ ምሰሶ ሲዛወር፣ ተቀባዩ ምሰሶ ሸክሙን ለመቻል የሚያበቃ ዐቅም እንዳለው አስቀድሞ መመርመር ግዴታ ነው። በትምህርት በኩል ግን ሸክሙ ሲዛወር ይህን የመሰለ ምርመራ አልተደረገም። ብዙ ወላጆች «እኔ ስላልተማርኩ ልጄን ልረዳው አልችልም» ብለው ወደ ኋላ የሚሉትም፣ ሌሎች ደግሞ የልጃቸውን የቤት ሥራ ራሳቸው ሠርተው የሚልኩትም ከዚሁ የተነሣ ነው ብሎ ጸሐፊው ያምናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ጥናት በቀድሞው ትምህርት ቤት

በቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት ሕፃኑ መጀመሪያ የሚገባው ንባብ ቤት ነው። በዚያም ፊደል ይቈጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ ቀጥሎም ፊደለ ሐዋርያ በሚባለው በዮሐንስ መልእክት ንባብ ይጀምራል። የንባቡ መደምደሚያ መዝሙረ ዳዊት ነው። ልጁ ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ እንደ ዐቅማቸው ደግሰው መምህሩንና ጓደኞቹን ያበላሉ።

የዕለቱ ሥራ በሁለት የተከፈለ ነበር። የቀኑ ክፍል ዐይን የሚሠራበት ንባብ ሲሆን፣ የማታው ክፍል የቃል ትምህርት ይባላል። ይኸውም ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስና እነዚህን የመሳሰሉት ጸሎቶች ያለ መጽሐፍ፣ ከመምህሩ ወይም ከታላላቆቹ ተማሪዎች አፍ እየተቀበሉ የሚጠኑበት ጊዜ ነው። ብርሃን በማይገኝበት ሰዓት ብርሃን የማይፈልግ ሥራ መመደቡ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ወደ ፊት እንደምንመለከተው፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ያህሉን እንኳ ሳያስብበት ቀርቷል።

ሁለተኛው የዚህ ሥርዓት ምሰሶ ተማሪው ተማሪውን የሚያስተምርበት ልማድ ነው። መምህሩ አንድ፣ ተማሪዎቹ ግን ብዙ በመሆናቸው፣ ፊደል የለየው ላልለየው፣ ዳዊት የጀመረው ፊደል ለሚቈጥረው ያሳያል። የኔታ ከሁሉም በላይ ሆነው ያዳምጣሉ፤ የሳተውን ያቀናሉ፤ ልጁ የትናንቱን በሚገባ ማጥናቱን ሳያረጋግጡም ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም። በዚህ ዐይነት ትንሹ ልጅ ዘወትር ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሄደ ሰው አጠገቡ ያገኝ ነበር።

ሦስተኛው በቅኔ ቤት በጉልህ የሚታየው ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ወዳለ ስፍራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ዱር ገብቶ፣ ብቻውን ቅኔውን ያሰላስላል፤ ይህም ቅኔ ቆጠራ ይባላል። ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ያሰላሰለውን በቃሉ ያሰማል፤ መምህሩም ያርሙለታል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ዛሬ የቤት ሥራ የምንለው ነገር በመሠረቱ ከዚህ ሌላ አይደለም። በመጀመሪያ ለብቻ መሥራት፣ ቀጥሎ ለሚያዳምጥ ሰው ማቅረብ፣ በመጨረሻም መታረም ነው። በቅኔ ቤት ሦስቱ ተነጣጥለው አያውቁም። ነገራ የሌለው ቆጠራ ከንቱ ድካም እንደ ሆነ ተማሪውም መምህሩም ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የወላጅ ድርሻ ምን ነበር? አባት ካህን ወይም ደብተራ ካልሆነ በቀር ልጁን አያስጠናም ነበር። በአጥቢያው ለሚማር ልጅ የወላጁ ድርሻ ልጁን ከከብት ጥበቃና ከእርሻ ሥራ ፈቅዶ መልቀቅ፣ ማብላትና ለመምህሩም የሚገባውን ማድረግ ነበር። ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት የተሻገረው ተማሪ ደግሞ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ አገር ይርቃል፤ ቁራሽ ለምኖ እያደረ ይማራል። ስለዚህ ማጥናቱን የሚቈጣጠረው ወላጁ ሳይሆን ጉባኤ ቤቱ ነው።

በእስልምናውም በኩል፣ በወሎ፣ በሐረርና በሌሎችም አካባቢዎች የነበረው የቁርአን ትምህርት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልጁ የዕለቱን ክፍል ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ እየደጋገመ በቃሉ ይይዘዋል፤ በመምህሩም ፊት ያነበንበዋል። በሚገባ መያዙ ሲረጋገጥ ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ ክፍል ይጻፍበታል። ያልተጠና ነገር ከሰሌዳው አይታጠብም፤ አዲሱም በላዩ አይጻፍም።

ይህን ስንል የቀድሞው ትምህርት እንከን አልነበረውም ማለታችን አይደለም። አለንጋው የበዛ ነበር። ሕፃኑ በግእዝ የሚያነበው ነገር ትርጉም ሳይገባው ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። የሴቶች ልጆች ዕድልም እጅግ የጠበበ ነበር። የምንመረምረው የትምህርቱን ይዘት ሳይሆን የጥናቱን አደረጃጀት ነው። በዚህ ረገድ ሲታይ የታወቀ ሰዓት፣ ለሰዓቱ የሚስማማ ሥራ፣ አጠገብ የሚገኝ ታላቅ ተማሪና የሚያዳምጥ መምህር የነበሩት ሥርዓት እንደ ነበር መመስከር ይገባል።

ከአዳሪ ቤት ወደ ወላጅ ቤት

ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ ገደማ ባስነገሩት አዋጅ፣ ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እንዲላክ፣ ልጁን ያላስተማረ ወላጅ ቢሞትም ንብረቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን መደንገጋቸው ይታወቃል። አዋጁ በተግባር በሰፊው ባይውልም፣ ከወላጅ የሚጠበቀው ምን እንደ ነበረ በግልጽ ያሳየናል። ከወላጅ የተጠየቀው ልጁን መላክ ነው። በማታ ስለሚደረግ እርዳታ የተነሣ ነገር አልነበረም።

በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ትምህርቱም ለውጭ አገር ቋንቋዎች ከፍ ያለ ቦታ የሰጠ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በሁለቱም አዳሪ ተማሪዎች ነበሩ። በጠላት ወረራ ዘመን የተቋረጠው ትምህርት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ገና ሲቋቋም፣ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም አዳሪ ቤት የነበራቸው ናቸው።

የአዳሪ ትምህርት ቤት በአንድ ነገር ከጉባኤ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ተማሪው ማታ የሚያጠናበት ሰዓትና ስፍራ፣ የሚያጠናበት ብርሃንና የሚቈጣጠረው ሰው በትምህርት ቤቱ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። የማታው የጥናት ሰዓት በደወል ይጀመራል፤ በደወል ያበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የዘመናዊ ትምህርት ፍሬዎች በርከት ያሉት፣ ጥናታቸውን ወላጆቻቸው ያላዩላቸው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያየላቸው ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አዳሪ ቤት ውድ ነው። ትምህርት ወደ አውራጃና ወደ ወረዳ ከተሞች እየተስፋፋ በሄደ መጠን ተመላላሹ ተማሪ ከአዳሪው እጅግ በዛ። የጥናቱ ሰዓት በጸጥታ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ ወደ ወላጅ ቤት የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ለዚህ ሽግግር የወጣ አዋጅ የለም። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥያቄዎቹን ጽፎ «ቤታችሁ ሠርታችሁ አምጡ» ሲል ነገሩ ተፈጸመ።

ተቀባዩ ቤት ግን ምን ዐይነት ነበር? በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳበት ጊዜ እንኳ ከአገሪቱ ጐልማሶች ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ከመቶ 90 በላይ እንደሚሆኑ ይገመት ነበር። በዚያ ላይ በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እስኪሆን ድረስ፣ ከታችኞቹ ክፍሎች ያለፈ ተማሪ በእንግሊዝኛ በተጻፉ መጻሕፍት ይማር ነበር። አማርኛም ከሆነ በኋላ ቢሆን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሌላ የሆነው ልጅ እናቱ የማትረዳውን ደብተር ይዞ ወደ ቤቱ መግባቱ አልቀረም። በመሆኑም የቤት ሥራ በብዙ ቤት ውስጥ በልጁና በወላጁ መካከል እንደ አጥር ቆመ። አንዱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ነገር ሆነ።

በዚህ መካከል በአንድ በኩል ቤትን ከትምህርት ጋር ያገናኘ ነገር ቢኖር፣ ተስፋ ገብረ ሥላሴ አሳትመው በሰፊው ያሠራጩት የፊደል ገበታ ነው። ይህ ገበታ በገበያ የሚገዛ፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ በታላቅ ወንድምና በታላቅ እኅት ጣት እየተጠቈመ የሚነበብ ነበር። ወላጁ ባያነብም ልጁ በቅደም ተከተል ሲጠራ ለማዳመጥ ይችል ነበር። የፊደሉ ዜማ ስለሚታወቅ፣ ልጁ ሲሰናከል ያላነበበችውም እናት ታውቅበታለች። የኔታ የነበራቸው ጆሮ በጥቂቱም ቢሆን ወደ ቤት የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የብርሃንና የፈረቃ ነገር

በዚህ ስፍራ ለእኛ ሙያ የቀረበ አንድ ጉዳይ አለ። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እጅግ አይለያይም። በአዲስ አበባ ፀሐይ በየትኛውም ወር ብትሆን የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ልጅ ቢያንስ በበጋው ወራት ከትምህርት ቤት ተመልሶ በቀን ብርሃን ብዙ ሰዓት ለማጥናት ይችላል። የእኛ ልጅ ግን በማናቸውም ወር ቢሆን ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚተርፈው ብርሃን ጥቂት ነው።

የኤሌክትሪክ መብራት ለጥናት ምን ያህል ዘግይቶ እንደ ደረሰ የኃይል ማመንጫዎቹ ታሪክ ይነግረናል። ለአዲስ አበባ ኃይል ይሰጥ የነበረው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ዐቅሙ ከ7 ሜጋ ዋት ያነሰ ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ 43 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ይህም ቢሆን የደረሰው ለከተሞች፣ ያውም ለከተሞቹ ከፊል ነው። የቀረው ተማሪ ያጠና የነበረው በኩራዝ፣ በፋኖስ ወይም በምድጃ እሳት ነው።

የኩራዝ ብርሃን በመጠን ሲለካ ከአንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ብርሃን ከመቶ 2 ቢሆን ነው። በዚያ ላይ ብርሃን ከምንጩ በራቁ መጠን በርቀቱ ካሬ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ልጁ ከኩራዙ የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ደብተሩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ ወደ ነበልባሉ ይጠጋል፤ ጭሱን ይስባል፤ ዐይኑም ይቃጠላል። አንድ ኩራዝ ባለበት ቤት ደግሞ ብርሃኑ ለምድጃውም፣ ለእንግዳውም፣ ለደብተሩም ነው። ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

ትምህርት ቤቶች ከተማሪው ብዛት የተነሣ በፈረቃ ማስተማር ሲጀምሩ ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከፊቱ የግማሽ ቀን ብርሃን አለው። የከሰዓት በኋላው ተማሪ ግን ትምህርቱን የሚጨርሰው ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ቤቱ ደርሶ አረፍ እስኪል ጨልሟል። የሁለቱ ተማሪዎች የቤት ሥራ በመጠን እኩል ቢሆንም በክብደት እኩል አይደለም። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ውኃ መቅዳትና እናቷን ማገዝ ስለሚጨመርባት ሸክሙ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የቀድሞው ሥርዓት ለጨለማ ሰዓት የቃል ትምህርትን መድቦ እንደ ነበር ላስታወሰ ሰው፣ የማታ ሥራ ሁሉ በጽሑፍ እንዲሆን መደረጉ አለመታሰቡን ያሳያል።

ፊደል ወደ ወላጅ ቤት በገባ ጊዜ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በአሥራ አምስት ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ገና በተጀመረ በዓመቱ ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ከዩኔስኮ በኩል አግኝቷል። ስለ ዘመቻው አጠቃላይ ውጤት፣ በተለይም የተማረው ሰው ንባቡን ምን ያህል እንደያዘው፣ ብዙ ሊከራከሩበት ይቻላል። በዚያ ዘመን የነበረው የፖለቲካ አስገዳጅነትም የሚዘነጋ አይደለም።

ለዚህ ጽሑፍ ግን ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው። በዘመቻው ጊዜ እናትና አባት ማታ ማታ ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ደብተር ይዘው ይመለሱ ነበር። አስተማሪዎቻቸውም ብዙውን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ማለት የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ከዚያ በፊት የልጅ ብቻ የነበረው ደብተር የወላጅም ሆነ። ጥቂት ፊደል የለየች እናት የልጇን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ባትረዳውም፣ የተጻፈ ገጽንና ባዶ ገጽን፣ የታረመ ሥራንና ያልታረመ ሥራን ለመለየት በቃች። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ተማሪውም በተከታታይ ምዘና እንዲገመገም ደነገገ። ስለ ፖሊሲው በብዙ በኩል ብዙ ክርክር ተደርጓል። ከቤት ጥናት አንጻር ሲታይ ግን አንድ የሚካድ ያልሆነ ለውጥ አመጣ። ልጁ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ ወላጁ ፊደል ባያውቅም የሚነበበውን ቃል በጆሮው መረዳት ቻለ። አንድ ሰው የማያነበውን ጽሑፍ ሊያርም አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም ሲያጣ ግን በጆሮው ያውቃል።

በሌላ በኩል በተለይ በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች የግል ትምህርት ቤቶች ሲበዙ፣ አሮጌው አጥር በአዲስ መልክ ተመለሰ። ብዙዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንሥተው ለእንግሊዝኛ ከፍተኛ ቦታ ስለሚሰጡ፣ ከእነርሱ የሚመጣው የቤት ሥራ ለወላጅ ብቻ ሳይሆን ለልጁም እንግዳ ቋንቋ ነው። የቤት ሥራ ብዛት የትምህርት ጥራት ምልክት ተደርጎ መታየቱም ተለመደ። በዚህ ምክንያት ከፍሎ ለማሠራት የሚችለው ወላጅ አስጠኚ ይቀጥራል፤ የማይችለው ራሱ ይሠራል፤ ሁለቱም ያልሆነለት ልጁን በቊጣ ያስጨንቃል። አስጠኚ መቅጠር በራሱ ነውር የለበትም፤ የታላቁ ተማሪ ምትክ ሊሆን ይችላልና። አስጠኚው መልሱን የሚያጽፍ ከሆነ ግን ልጁ ቆጠራውን ሳይቈጥር ወደ ነገራ ቀረበ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ፈተና የመጣው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ተዘግተው እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ ከርመዋል። በእነዚያ ወራት የቤት ሥራ የትምህርት ቅጥያ መሆኑ ቀርቶ ትምህርቱ ራሱ ሆነ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተላለፈ፤ በከተማም በስልክ የጥያቄ ወረቀቶች ተላኩ። ቴሌቪዥንና ዘመናዊ ስልክ ያለው ቤት ከሌለው፣ መብራት ያለው ቤት ከሌለው ተለየ። ከዚህም በላይ አንድ ሌላ ልዩነት ታየ። የልጁ ቀን የታወቀ ሥርዓት በነበረው ቤት፣ ወላጆቹ ያልተማሩ ቢሆኑም እንኳ፣ ልጁ ንባቡን ይዞ ቆየ። ሥርዓት ባልነበረው ቤት ግን መሣሪያው ቢሟላም ደብተሩ ሳይገለጥ የከረመበት አጋጣሚ ነበር። በዚያ ጊዜ በየጎረቤታችን ያየነውን እያንዳንዳችን እንመሰክራለን።

የቤት ድርሻ ምንድን ነው?

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት እንደሚከተለው ነው። የጥናት ሥራ ወደ ቤት ሲዛወር፣ ቤት የመምህሩን ዕውቀት ጭምር እንዲሸከም የተጠየቀ መሰለው። ይህን ግን ቤት ሊሸከመው አይችልም፤ ሊሸከመውም አይገባም። ቤት ሊሸከም የሚችለው ከቀድሞው ሥርዓት ውስጥ ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረውን አደረጃጀት ነው። እሱም በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ሰዓት ነው። በደወል የሚጀመረው የአዳሪ ቤት ጥናትና የማታው የቃል ትምህርት የሚመሳሰሉበት ነገር ቢኖር፣ ሰዓታቸው በየዕለቱ አለመለዋወጡ ነው። ሕፃን ጥናቱን በክርክር የሚጀምር ከሆነ ግማሽ ኃይሉ በክርክሩ ያልቃል፤ ሰዓቱ የታወቀ ከሆነ ግን የሚከራከርበት ነገር አይኖርም። ጊዜውም ረጅም መሆን የለበትም። ሐሪስ ኩፐር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ከጓደኞቻቸው ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰፊ የጥናት ግምገማ፣ የቤት ሥራ በትምህርት ውጤት ላይ ያለው ግንኙነት በላይኞቹ ክፍሎች ሲጠነክር በታችኞቹ ክፍሎች ግን ደካማ ሆኖ መገኘቱን አሳይተዋል። እኚሁ ምሁር የሚደግፉት ልማዳዊ መለኪያ ለአንድ ክፍል 10 ደቂቃ የሚል ነው። ለአንደኛ ክፍል 10 ደቂቃ፣ ለአራተኛ ክፍል 40 ደቂቃ ማለት ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማስቀመጥ እንግዲህ በጥናትም፣ በልማድም፣ በርኅራኄም የሚደገፍ አይደለም።

ሁለተኛው ስፍራና ብርሃን ነው። ለዚህ የተለየ ክፍል አያስፈልግም። የምግብ ጠረጴዛ፣ ካልሆነም አንድ ዱካና አንድ በርጩማ ይበቃል። ዋናው ነገር በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ለደብተሩ መመደቡ፣ ቴሌቪዥኑ መዘጋቱ፣ ስልኩም ከልጁ እጅ መራቁ ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ በጠራ ቀን እንዲያጠና፣ የከሰዓት በኋላው ተማሪ ደግሞ የጽሑፉን ሥራ ለጠዋት ትቶ ማታ በቃል የሚከለሰውን እንዲከልስ ማድረግ ምንም ወጪ የለበትም። የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የፊደል ቤቶች፣ የእንግሊዝኛ ቃላት በጨለማም ሊጠኑ ይችላሉ። መብራት በሚቈራረጥበት ሰፈርም ይህ ዘዴ ይሠራል። ሴቷና ወንዱም የቤቱን ሥራ እኩል ተካፍለው ሁለቱም ሰዓታቸውን ማግኘት አለባቸው።

ሦስተኛው ጆሮ ነው። የኔታ ከሰጡት ነገር ሁሉ ያልተማረ ወላጅም ሊሰጠው የሚችለው ይህ ነው። «ዛሬ ምን ተማርህ? ለእኔ ንገረኝ» ብሎ መጠየቅና እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ነገራ ነው። ልጁ ያልገባውን ነገር ለሌላ ሰው ሊያስረዳ አይችልም፤ ሊያስረዳ ሲሞክር ግን የጎደለውን ራሱ ያገኘዋል። በቤቱ ውስጥ ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ካለ፣ እነርሱ የታላቁን ተማሪ ቦታ ይይዛሉ፤ በማስጠናታቸውም ራሳቸው ይጠቀማሉ። ወላጅ መልሱን አይነግርም፤ አይጽፍም። ልጁ ተሳስቶ ቢሄድ ስሕተቱ ለመምህሩ የሚጠቅም መረጃ ነው፤ በወላጅ እጅ የተስተካከለ ደብተር ግን መምህሩን ያሳስታል።

በዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ድርሻ መዘንጋት የለበትም። ሸክም ያዛወረ ወገን ሙሉ በሙሉ አልተገላገለም። መምህሩ የሚሰጠው የቤት ሥራ ልጁ በክፍል ውስጥ የተረዳውን የሚያጠናክር እንጂ ያልተማረውን ከወላጁ እንዲማር የሚያስገድድ መሆን አይገባውም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ባለበት የሁሉን ደብተር በየዕለቱ ማረም እንደሚከብድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሊታረም በሚችለው መጠን ብቻ መስጠት ይሻላል። ቅኔ ቤት ነገራ የሌለው ቆጠራን አያውቅም ብለናል። የማይታረም የቤት ሥራም ልጁን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሥራው የማንም ጉዳይ አለመሆኑን ነው።

የማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ወላጆች ነን። አንዳንዶቻችን የተማርነው ኩራዝ አጠገብ ነው፤ ሌሎቻችን ደግሞ ለልጆቻችን ከሚበቃው በላይ ብርሃንና መሣሪያ አሟልተናል። ይሁን እንጂ ማታ ደክመን ስንገባ የልጆቻችንን የሒሳብ ጥያቄ ፈጥነን ፈትተን መገላገል ከሁሉ የሚቀልለን ለእኛ፣ ለመሐንዲሶች፣ ሳይሆን አይቀርም። ለልጁ የሚጠቅመው ግን አጠገቡ ተቀምጠን እስኪጨርስ መጠበቃችንና ሲጨርስ ማዳመጣችን ነው። ይህንንም በገጠር ያለች፣ ፊደል ያልቈጠረች እናት ከእኛ እኩል ልታደርገው ትችላለች። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ሲሰበስቡ፣ ስለ መዋጮና ስለ ደንብ ልብስ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ቢነግሯቸው፣ «አልተማርኩምና አልረዳም» የሚለው ወላጅ በእጁ ያለውን ድርሻ ያውቀዋል ብለን እናምናለን።